አቶ ሸረፋ የሸኙት እንግዳ

ችካሎቹ አሥራ አራት ናቸው። አቶ ሸረፋ ቅዳሜ ጠዋት ከሱብሂ ሶላት ሲመለሱ እንደገና ቆጠሯቸው። ማክሰኞ ከተተከሉ ወዲህ አንድም እንዳልጨመረ፣ አንድም እንዳልቀነሰ ያውቃሉ። ግን ጥርሱን የታመመ ሰው ምላሱን ከጥርሱ ላይ ማንሳት መቼ ይችላል? ችካሎቹ ከዝግባው ዛፍ ሥር ይጀምሩና፣ አንገታቸው ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮ፣ በጀፎረው መሀል ለመሀል እስከ አስፋልቱ ድረስ ተሰልፈዋል።

ጀፎረ ለማታውቁ፣ ጉራጌ መንደር ሲቆረቁር ከሁሉ በፊት የሚለየው ሰፊ የሣር ጎዳና ነው። ቤቶቹ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ እንሰቱ ከየቤቱ ጀርባ ይሆናል። መሀል ላይ የሚቀረው ሣር አይታረስም፣ አይታጠርም። ጥጃ ይግጥበታል፣ ሙሽራ ይገባበታል፣ ሬሳ ይወጣበታል፣ የዒድ ሶላት ይሰገድበታል። አንድ ሰው አጥሩን አንድ ክንድ ያህል ወደ ሣሩ ቢያስጠጋ መንደሩ ነቅሎ ይነሳበታል።

የአቶ ሸረፋ መንደር ከቡታጅራ ወደ እንሴኖ በሚወስደው መንገድ ዳር ናት። ከጀርባዋ አንድ ቀይ ኮረብታ አለ። ኮረብታው ገረጋንቲ ነው፤ መንገድ የሚደለደልበት፣ ብሎኬት የሚመረትበት። የማዕድን ድርጅቱም የመጣው እሱን ብሎ ነው።

ድርጅቱን ክፉ ነው ማለት ደግሞ ነውር ይሆናል። ዓመት ሙሉ ሲመላለስ ባዶ እጁን መጥቶ አያውቅም። የተበላሸውን የውሃ ቦኖ ጠገነ። ለአረፋ በሬ ነድቶ መጣ። ሰው ሲሞት ለቅሶ ደረሰ። የዚህ ሁሉ ኃላፊ ቴዎድሮስ የሚባል አዲስ አበባ ያደገ፣ ቢሮው ወልቂጤ የሆነ ጎልማሳ ነው። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ይገባል፣ የተሰጠውን ሳይመርጥ ይበላል፣ ለትልቅ ሰው ብድግ ይላል። በዚያ ላይ ከሦስት ወር በፊት የአቶ ሸረፋን የመጨረሻ ልጅ፣ ፈትሂያን ቀጠራት። ልጅቷ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጣ፣ ፊቷ እንደ ከረመ ቅጠል ጠውልጎ ነበር። አሁን አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሳ ቡታጅራ ቤት ተከራይታለች። "ሥራዋ ምንድን ነው?" ሲባሉ አቶ ሸረፋ ደረታቸው ነፋ ይልና፣ "እኛንና ድርጅቱን ታስማማለች" ይላሉ።

ማክሰኞ ዕለት ቴዎድሮስ፣ ፈትሂያና አንድ ቀያሽ ለምሳ ወደ ቤት መጡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዛህራ ቆጮውን ከአይቤና ከጎመን ጋር አቀረቡ፤ ተበላ፣ ተመረቀ። እንግዶቹ ሲነሱ አቶ ሸረፋም ተነሱ። በዚያ አገር በልቶ የሄደ እንግዳ ከበር ላይ አይለቀቅም። ባለቤቱ ጀፎረውን አብሮት አቋርጦ፣ አስፋልቱ ላይ አድርሶ ነው የሚመለሰው። ዝግባው ሥር ሲደርሱ ቀያሹ ሜትሩን አወጣና ጫፉን ለቴዎድሮስ ሰጠው። ቴዎድሮስ ሊጎነበስ ሲል አቶ ሸረፋ ከእጁ ነጠቁት።

"ኧረ በአላህ! በልተህ ሳይወርድልህ? እንግዳ አይጎነበስም፤ አምጣው እኔ ልያዝ።"

የሜትሩን ጫፍ ይዘው ከፊት ሄዱ። ቀያሹ ይጽፋል፤ ፈትሂያ ከኋላ ችካል ታስቀምጥና በድንጋይ ትመታለች። ለምን እንደሚለካ አልጠየቁም። የሚሄድን እንግዳ ስለ ሥራው መጠየቅ ቶሎ ውጣልኝ እንደ ማለት ነው፤ ደግሞ ስለ ውሃ ቧንቧ ሲወራ ሰምተው ስለነበር እሱ ይሆናል ብለው አሰቡ። ቴዎድሮስ ልጃቸው ነግራቸዋለች ብሎ አስቧል። ፈትሂያም ቴዎድሮስ በምሳው ላይ ነግሯቸዋል ብላ አስባለች። እንዲህ ሦስት ደግ ሰዎች ተከባብረው፣ ሳይነጋገሩ፣ ጀፎረውን ከዳር እስከ ዳር ችካል ተከሉበት።

ነገሩ የፈነዳው አርብ ከጁምዓ በኋላ ነው። አቶ ሰይዶ ከአቶ ሸረፋ ጋር አብረው ጥጃ ያገዱ፣ አብረው የተገረዙ፣ ምላሳቸው እንደ አዲስ ምላጭ የሆነ ጎረቤት ናቸው። ሁልጊዜ መስጊዱ በር ላይ ይጠብቋቸው ነበር። ያን ቀን ጫማቸውን አጥልቀው ጥለዋቸው ሄዱ። አቶ ሸረፋ ተከትለው ደረሱባቸው።

"ሰይዶ! አሰላሙ አለይኩም። ምነው ዛሬ?"

"ወአለይኩም ሰላም። ቸኩዬ ነው። ጥጆቼን መንጃ ፈቃድ ላወጣላቸው ነው።"

"ምን አልክ?"

"ገልባጭ መኪና ከሚመላለስበት መንገድ ላይ ያለ መንጃ ፈቃድ እንዴት ይግጣሉ? ሸረፋ፣ ጀፎረውን ስትሰጥ የእኔን በር አንኳኩተህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? በቁምጣ ብታገኘኝም አላፍርም ነበር።"

"እኔ? ማን ነው የሰጠው?"

"እግርህ ነዋ!" አሉ አቶ ሰይዶ ቆም ብለው። አሁን ቀልዱ ከፊታቸው ጠፍቷል። "ሜትር ይዘህ ከፊት ስትሄድ፣ ልጅህ ከኋላ ችካል ስትመታ፣ አጥሬ ላይ ተደግፌ አይቻለሁ። እኔ ብቻ አይደለሁም። ድንበር እንዴት እንደሚኬድ ያስተማርከን አንተ አይደለህ? ሰኞ ዶዘሩ ይገባል። ሀጂ ሙሀመድአወል እሑድ ጠዋት ዝግባው ሥር ጠርተውናል።"

አቶ ሸረፋ እዚያው መንገድ ላይ ቀሩ። ይኸውላችሁ፣ በዚያ መንደር ድንበር በወረቀት አይጸናም። ወንድማማች ሲካፈል፣ ጎረቤት ሲጣላ፣ የታመነ ሽማግሌ ከፊት ይሄዳል፤ ችካል ከኋላው ይተከላል። እሱ የረገጠው መስመር ድንበር ሆኖ ይቀራል፤ ክርክር የለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያ ሽማግሌ አቶ ሸረፋ ነበሩ። የረገጡት ድንበር አንድ ቀን እንኳ ፈቀቅ ብሎ አያውቅም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእሳቸው የእግር ወለምታ ሆኖም አልታሽ አለ።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ፈትሂያ ከቡታጅራ መጣች። ደስ ብሏት ነው የመጣችው። ገና ሳትቀመጥ ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች።

"አባ፣ ሪፖርቴ ወልቂጤ ተወደደ! ስምህ አለበት፣ ላንብብልህ? 'መስመሩ በመንደሩ ሽማግሌ በአቶ ሸረፋ መሪነት፣ በማህበረሰቡ ሙሉ ፈቃድ ተለይቷል።' ቴዲ ራሱ፣ እንዲህ ያለ ጥሩ ግንኙነት የትም አላየሁም ብሎ..."

የአባቷን ፊት ስታይ ወረቀቱን ዝቅ አደረገች።

"እኔ አልመራሁም ልጄ" አሉ አቶ ሸረፋ። "እንግዳ ሸኘሁ።"

እንዴት እንደሆነ ነገሯት። እሷ በልጅነቷ ለትምህርት ቡታጅራ አክስቷ ዘንድ የሄደች ናት፤ ድንበር ሲኬድ አንድም ቀን ቆማ አላየችም። ሲገባት ወረቀቱን አጣጥፋ፣ መልሳ ዘርግታ፣ እንደገና አጣጠፈችው።

"ታዲያ አሁን ምን ይደረግ? አባ፣ የሙከራ ጊዜዬ በሚቀጥለው ሳምንት ነው የሚያልቀው። ይህን ውሸት ነው ካልክ ውሸታሟ እኔ ነኝ። መንገዱ በሌላ በኩል ይውጣ ቢባል በእንሰቱ ላይ ነው የሚያልፈው፤ ወይ ደግሞ በኮረብታው ዙሪያ፣ እሱን ደግሞ ሩቅ ነው ብለው ትተውታል። ዝም ብትል እኮ... ሰው ይለምደዋል።"

"ምኑን ነው የሚለምደው?"

ፈትሂያ ፊቷን ወደ ደጅ አዞረች። በሩ ክፍት ነበር፤ ሣሩ ላይ የአቶ ሰይዶ ጥጆች አንዷን ችካል እያሸተቱ ይዞሩ ነበር።

"አንድ መንገድ አለ" አሉ አቶ ሸረፋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "በአባቴ ጊዜ ሀቢቡ የሚባሉ ሽማግሌ ድንበር ተሳስተው ነበር። መንደሩ ባለበት ከጨረሱበት ወደ ጀመሩበት መልሰው ሄዱት። ድንበሩም ፈረሰ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ እስኪሞቱ ድረስ ማንም ለድንበር አልጠራቸውም።"

ወይዘሮ ዛህራ እስከዚያ ጓዳ በር ላይ ቆመው ነበር። "ሻይህ በረደ" አሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ "አንቺም ብይ። ሰው ባዶ ሆዱን ሲጨነቅ ጭንቀቱ ሆዱን ይበላዋል።"

ማንም አልበላም።

እሑድ ጠዋት ዝግባው ሥር ያልመጣ አልነበረም። ወንዶቹ በጥላው ዙሪያ፣ ሴቶቹ ፈንጠር ብለው ተቀመጡ። ቴዎድሮስም መጣ፤ ነገሩ የምስጋና ስብሰባ መስሎት ለመስጊዱ ምንጣፍ ይዞ ነበር። ሁኔታውን ሲያይ ምንጣፉን መኪናው ውስጥ መልሶ ጥግ ያዘ። ሀጂ ሙሀመድአወል የመንደሩ ዳኛ ናቸው፤ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ሰው እስኪጨርስ የሚጠብቁ። ዱዓ አድርገው ሲያበቁ፣ "ሸረፋ" አሉ፣ "ማክሰኞ ዕለት ምን እንዳደረግህ ንገረን።"

አቶ ሸረፋ ተነሱ። ሴቶቹ መሀል ሰደርያዋን ለብሳ የተቀመጠችውን ልጃቸውን ላለማየት ዓይናቸውን ዝግባው ላይ ተከሉ።

"እንግዳ ሸኘሁ እንጂ መሬት አልሰጠሁም" አሉ።

"ሜትር ይዞ የሚሸኝ ሰው የት አገር ነው ያለው?" አሉ አቶ ሰይዶ። "እኔም ትናንት አማቼን ስሸኝ ውሃ ልክ ይዤ መሄድ ነበረብኝ?"

ሳቅ ሆነ። ሳቁ ግን ወዲያው ሞተ።

ቴዎድሮስ ብድግ አለ። "ጋሽ ሸረፋ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ያወቁ መስሎኝ ነው። ችካሉ የመኪና መንገድ ነው። ግን እኮ ዶዘሩ ከቡታጅራ ተነስቷል። ሪፖርቱም ሄዷል። አሁን በምን ይመለሳል?"

"በእግር" አሉ ሀጂ ሙሀመድአወል። "በእግር የተሰጠ በአፍ አይመለስም። ሸረፋ ከጨረሰበት ወደ ጀመረበት ይሂድ። ወደ ኋላው እንዳያይ። ችካሉን ደግሞ የተከለው እጅ ይነቅለዋል፤ ሌላ እጅ አይነካውም። አንዲት ብትቀር ሁሉም ቀረ ማለት ነው።" ሕዝቡን ዞረው አዩና፣ "የተከለው ማን ነው?" አሉ።

ሁሉም ያውቃል። ፈትሂያ እጇን እንደ ተማሪ አወጣች፤ ወዲያው መልሳ አወረደችው።

አባትና ልጅ ጎን ለጎን ወደ አስፋልቱ ሄዱ። አቶ ሸረፋ ብዙ ሊሏት አስበው ነበር። ልጄ እንደ ልብሽ ሁኚ ሊሏት፣ ወይም እባክሽ ሊሏት። ሁለቱንም መንገድ ላይ ዋጡት። እሷም የሰደርያዋን ዚፕ ወደ ላይ ወደ ታች እያደረገች ሄደች። አስፋልቱ ዳር ሲደርሱ አቶ ሸረፋ "ቢስሚላህ" ብለው ፊታቸውን ወደ ዝግባው አዞሩና መራመድ ጀመሩ።

ሣሩ ወፍራም ነው፤ ኮቴ አይሰማበትም። ነፋሱ ደግሞ ከፊት ነው የሚመጣው። የመጀመሪያውን ችካል አለፉ። ሰሙ? አልሰሙም። የመነቀል ድምፅ ምን ዓይነት ነው? ድንበር ሲሄዱ ሠላሳ ዓመት ሲተከል ሰምተዋል፤ ሲነቀል አንድም ቀን አልሰሙም። ሁለተኛውን አለፉ። ሦስተኛውን። አንገታቸው ሊዞር ሲል ጥርሳቸውን ነከሱ። ከፊታቸው ያለው ሕዝብ ገና ሩቅ ነው፤ ነጠላና ኮፍያ ይታያል እንጂ ፊት አይታይም።

አምስተኛው ላይ ስልክ ጮኸ። የእሷ ነው፣ ከኋላቸው። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ዝም አለ። አነሳችው? ዘጋችው? ወይስ ቆማ እያወራች ነው፣ ችካሉም እንደቆመ ነው? አቶ ሸረፋ እርምጃቸውን አልቀነሱም። በልባቸው፣ ልጅ ናት፣ አሉ። ሁለት ዓመት መስኮት ሥር ተቀምጣ የሰው ልጅ ሥራ ሲሄድ ስታይ የከረመች ልጅ ናት። ብትተወው ምን እፈርድባታለሁ? ደግሞ ወዲያው በቀን አርባ ጊዜ የሚመላለስ ገልባጭ፣ አቧራው፣ የሰይዶ ጥጆች፣ የዒድ ሶላት የሚሰገድበት ሣር ታያቸው። አንድ ቀን ሬሳቸው በዚህ ሲወጣ መኪና እንዲያልፍ ዳር ይዞ ሲቆም ታያቸው።

ዘጠነኛው። አሥረኛው። አሁን ፊት መለየት ጀመረ። የሰዉ ዓይን እሳቸው ላይ አይደለም፤ በትከሻቸው ላይ አልፎ ከኋላቸው ያለ ነገር ላይ ነው። ምን እንደሚያዩ ግን ከፊታቸው አይነበብም። አቶ ሰይዶ ተነስተው ቆመዋል፤ አፋቸው ተዘግቷል፤ ይህ ደግሞ በእሳቸው ዘንድ ያልተለመደ ነው። ወይዘሮ ዛህራ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነዋል። እያለቀሱ ነው? እየሳቁ ነው? አርባ ዓመት አብረዋቸው ኖረው ያን ሰዓት መለየት አቃታቸው።

ዝግባውን በመዳፋቸው ነኩ። ያኔ ዞሩ።

ፈትሂያ ችካሎቹን እንደ ጭራሮ ታቅፋ ቆማለች። እጇ እስከ ክርኗ ቀይ አፈር ነው፤ አንድ ጥፍሯ ተሰብሮ ይደማል። ችካሎቹን ቴዎድሮስ እግር ሥር ዘረገፈቻቸው። አቶ ሸረፋ ሳያስቡት ቆጠሩ። አንድ ጊዜ ቆጠሩ፣ ሁለተኛ ቆጠሩ።

"አሥራ ሦስት ናቸው" አሉ። ድምፃቸው ከእሳቸው የወጣ አይመስልም።

"አንዱ ተሰብሮብኛል አባ" አለች ፈትሂያ። ከሰደርያዋ ኪስ ቀይ ጨርቁ ያለበትን ግማሽ ችካል አወጣች። "ጫፉ መሬት ውስጥ ቀርቷል። የጋሽ ሰይዶ አጥር ፊት ያለው ነው።"

"ድሮም የእኔ በር ዕድል የለውም!" አሉ አቶ ሰይዶ። ማንም አልሳቀም።

ሕዝቡ ተነስቶ ወደዚያ ሄደ። ፈትሂያ ተንበረከከችና በግማሹ ችካል መሬቱን መጫር ጀመረች። ደረቅ ነው፤ በጠጠር የተሞላ። ቴዎድሮስ ጎንበስ አለ፤ "ከእኛ መጋዘን የወጣ ነው፣ እኔም ልቆፍር" ሲል ሀጂ ሙሀመድአወል፣ "የተከለው እጅ" አሉት። ቆመ። ስልኳን ብቻ ተቀበላት። ስልኩ በእጁ እንዳለ እንደገና ጮኸ።

"ወልቂጤ ነው" አለ ቴዎድሮስ። ፊቱ አመድ መስሏል። "ቅድም ለእኔም ደውለው ነበር። ዶዘሩ ይግባ ወይ እያሉ ነው። ምን ልበላቸው?"

ሀጂ ሙሀመድአወል ቸኩለው አያውቁም፤ ያን ጊዜም አልቸኮሉም። ፈትሂያ ጫፉን በሁለት ጣቷ ይዛ፣ እየወዘወዘች፣ ከመሬት እስክታወጣው ጠበቁ። የጣት ርዝመት ያላት ቁራጭ እንጨት ናት። መዳፋቸው ላይ ተቀብለው አዩዋት፤ ከዚያ ወደ ቴዎድሮስ ዞሩ።

"እንዲህ በላቸው። መንደሩን ዓመት ሙሉ ስጠይቀው ከርሜ፣ መሬቱን ሳልጠይቀው ረስቼ ነበር፤ ገና ዛሬ ልጠይቅ ነው በላቸው። ኮረብታውን አልከለከልናችሁም። በየት በኩል ትሄዳላችሁ የሚለውን ግን ተቀምጠን እንነጋገራለን። አንድ ቀን ላይበቃን ይችላል።"

ቴዎድሮስ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ራቅ ብሎ ተናገረ። ረጅም ጊዜ ሰማ፤ ጥቂት ተናገረ። ሲመለስ፣ "ዶዘሩ ነገ አስፋልት ላይ ይቆማል። ለነገ ብቻ ነው የፈቀዱልኝ" አለ። ስልኩን ለፈትሂያ ሲመልስላት፣ "አንቺንም ነገ ሰኞ ቢሮ ይፈልጉሻል" ብሎ ጨመረ። ለምን እንደሆነ አልነገራትም። እሷም አልጠየቀችውም፤ የደማ ጣቷን አፏ ውስጥ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች።

እንግዳው ሊሄድ ተነሳ። ሁሉም አቶ ሸረፋን አየ። እንግዳ ያለ ሸኚ ጀፎረ አያቋርጥም፤ ይህ ሕግ በችካል ምክንያት አልተሻረም። አቶ ሸረፋ ግን እግራቸው እንደ ድንጋይ ከበደ። ያ እግር ከዛሬ ወዲህ ለድንበር አይጠራም። የድንበሩ ጥሪ ከእሳቸው በኋላ ለማን እንደሚሄድ እንኳ እያሰቡ ነበር።

"ምን ቆመሃል?" አሉ አቶ ሰይዶ። "ሸኘው እንጂ! ነገር ግን እጅህን አሳየን።"

አቶ ሸረፋ ሁለት መዳፋቸውን ዘርግተው ወደ ላይ አነሱ። ባዶ ናቸው። ከሴቶቹ መሀል ሳቅ ተሰማ፤ አሁን ወይዘሮ ዛህራ እየሳቁ እንደሆነ ለዩ። እንዲያ እጃቸውን እንዳነሱ ከቴዎድሮስ ጎን መሄድ ጀመሩ፤ በሌላው ጎን ፈትሂያ። ስለ ሰኞ ማንም አላነሳም። ሣሩ ላይ የቀሩትን ቀዳዳዎች ግን አቶ ሸረፋ እስከ አስፋልቱ ድረስ፣ እግራቸው እንዳይገባባቸው እየተጠነቀቁ፣ አንድ በአንድ ቆጠሯቸው።